የጎማዋ ቢጫ መብራት ጠፍታለች፤ እናቴን ጭኜ ከደባርቅ ልውረድ?

የማራኪዋ | ጥር 6፣ ከምሽቱ 2:40

ሰላም፣ እንዴት አመሻችሁ? ጎንደር፣ ማራኪ ነው የምኖረው። የምነዳው በፈረንጅ 2015 የተሠራች ኮሮላ ነው። አሜሪካ ተነድታ የመጣች ናት። ከገዛኋት ስምንት ወር ሆነኝ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁም ገና ሁለት ዓመቴ ነው። ከእኔ የበለጠ መንገድ የምታውቁ ስላላችሁ ነው የምጠይቀው።

እናቴ ደባርቅ ናት። ቅዳሜ ሄጄ እሷ ጋ አደርኩ። እሑድ ንጋት 12 ሰዓት ላይ መኪናዋን ሳስነሳ ዳሽቦርዱ ላይ አይቻት የማላውቃት ቢጫ መብራት በራች። የፈረስ ኮቴ ትመስላለች፤ መሀሏ ላይ ቃለ አጋኖ አለ። ብርዱ አይጣል ነው። የመስታወቱን ውርጭ በፕላስቲክ ካርድ ፍቄ ነው ያነሳሁት። ወርጄ አራቱንም ጎማ ዞሬ አየሁ። የተኛ የለም። ጎረቤታችን ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ መጡ። አንድ በአንድ በእግራቸው መቱልኝና «ድንጋይ ነው፣ በሰላም ግቢ» አሉኝ።

ሄድኩ። ዳባትን አለፍኩ። አምባ ጊዮርጊስ ልገባ ስል መብራቷ በራሷ ጠፋች። እሰይ ብዬ ረሳኋት።

ሰኞ ጠዋት እዚሁ ግቢዬ ውስጥ ሳስነሳ ደግማ በራች። ዛሬም እንዲሁ። ከሥራ ስወጣ አንድ ጎማ ቤት ወሰድኳት። ልጁ ጎማዎቹን አየት አደረገና «አየር አላት፣ አየሩን የሚለካው ሴንሰር ነው የሚያስቸግራት» አለኝ። ከዚያ ገብቶ አንዲት ቁልፍ ተጭኖ ያዘ። መብራቷ ሦስት ጊዜ ብልጭ ብልጭ አለችና ጠፋች። ሒሳብ ብለው አልቀበልም አለኝ።

አርብ ከሰዓት ደባርቅ ልወጣ ነው። ቅዳሜ ከተራ ነው። ታቦታቱ ሳይወጡ እናቴን ይዤ ጎንደር መግባት አለብኝ። ጉልበቷን ስለሚያማት ሚኒባስ አይሆንላትም። ሦስት ዓመት ሙሉ ጥምቀትን እዚህ አላከበረችም።

መብራቷ አሁን ጠፍታለች። ልሂድ? ወይስ ሌላ ማየት ያለብኝ ነገር አለ?

የደባርቅ መስመር ሾፌር | ጥር 6፣ ከምሽቱ 4:15

ልጄ፣ እናትሽን ታመጫለሽ። እስከዚያ ሦስት ቀን አለሽ። ነገ ጠዋት እንጀምራለን።

መጀመሪያ ስለዚያች ቁልፍ ልንገርሽ። ያስደነገጠችኝ እሷ ናት። መብራት ማጥፊያ አይደለችም። ለመኪናዋ «አሁን ጎማው ውስጥ ያለው አየር ልክ ነው፤ ከዚህ ሲወርድ ንገሪኝ» የምትባልበት ቁልፍ ናት። የምትጫኛት አራቱም ጎማ በልኩ ከተሞላ በኋላ ብቻ ነው።

የሾፌሩን በር ስትከፍቺ ምሰሶው ላይ የተለጠፈ ወረቀት ታያለሽ። የጎማው የአየር ግፊት ልክ እዚያ ተጽፏል። የአንቺ 32 ይል ይሆናል፤ አንብቢና አረጋግጪ። ለአሜሪካ የተሠሩ መኪኖች አየሩ ከልኩ ሩብ ያህል ሲጎድል ነው የሚያበሩት። የ32 ሩቡ 8 ነው። ስለዚህ 24 አካባቢ ስትደርስ ትነግርሻለች። ልጁ ቁልፏን ሲጫን አንዱ ጎማ 22 ላይ ነበር እንበል። አሁን መኪናዋ 22ን ልክ ብላ ይዛዋለች። ድጋሚ የምታስጠነቅቅሽ 16 ወይም 17 ሲደርስ ሊሆን ይችላል። በ16 ጎማ እናትሽን ይዘሽ ከኮሶዬ ቁልቁል ስትወርጂ ማሰብ አልፈልግም።

ልጁ ክፉ አስቦ አይደለም። ገንዘብም አልወሰደ። ብዙ ሰው መብራቷ ስትበራ የተበላሸችው መብራቷ ይመስለዋል።

በእግር መምታቱንም ተዪው። እኔም ሃያ ሰባት ዓመት ስመታ ኖሬያለሁ። የዛሬ ጎማ ሙሉ ሆኖም ከታች ትንሽ ሆዱ ይወጣል። ሩቡ ሲጎድልም ከዚያ ብዙ አይለይም። በዓይን 32ንና 24ን ለይቶ የሚያውቅ ሰው አላየሁም።

ለምን እንዲህ እንደምጨነቅ ልንገርሽ። በአይሱዙ እህል ጭኜ ደባርቅ አድሬ በሊማሊሞ ወደ ዛሪማ ልወርድ ነው። ከኋላ ድርብ ጎማ ነው። በጨለማ ብረቱን ይዤ ጎማዎቹን መታሁ። ውጭኛው እንደ ከበሮ ጮኸልኝ። ውስጠኛው ጋ ብረቱ በደንብ አልደረሰም፤ ብርዱም ጣቴን አደንዝዞታል። ያው ነው ብዬ ተሳፈርኩ። ለካ ውስጠኛው ሌሊቱን ተንፍሷል። ሸክሙን ሁሉ ውጭኛው ብቻውን ይዞታል።

ሊማሊሞን ታውቂዋለሽ። ጣሊያን የቆረጠው መንገድ ነው፤ መታጠፊያው አያልቅም። በአንድ ጎን ግድግዳ፣ በሌላው ገደል። መጀመሪያ የተቃጠለ ጎማ ሸተተን። ረዳቴ «ፍሬን ነው» አለኝ። እኔም ፍሬን ነው ብዬ ማርሽ ቀነስኩ። ሁለት መታጠፊያ እንደሄድን የመኪናው ቂጥ ወደ ገደሉ ማለት ጀመረ። ከዚያ ፈነዳ። ድምፁ ከተራራው ተመልሶ መጣ። ወደ ግድግዳው አስጠግቼ አቆምኩ። ረዳቴ ዘሎ ወርዶ ታኮ ሲያስገባ መዳፉ ቸርኬውን ነካው። ቆዳው እዚያው ብረቱ ላይ ቀረ። ልጅ ነበር፤ አላለቀሰም። እኔ ግን ያን እጅ እስካሁን አልረሳውም። የአየር መለኪያ ኪሴ ውስጥ ነበር። አውጥቼ ብለካው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ጎማ አየሩ ሲያንሰው ጎኑ በዞረ ቁጥር ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። መታጠፉ ያሞቀዋል። ሙቀቱ ውስጡ ያለውን ክር ከጎማው ያላቅቀዋል። ውጭው ደህና ሆኖ ውስጡ ያልቃል። በሰላሙ ጎዳና ዝም ብሎ ይቆይና ስትቸኩዪ፣ ስትጭኚ፣ ቁልቁል ስትወርጂ ይከዳሻል።

ነገ እንዲህ አድርጊ። መለኪያ ከመለዋወጫ ሱቅ ግዢ። ትንሽ ናት፤ ኪስ ውስጥ ትገባለች። ጠዋት መኪናዋን ሳታስነሺ አራቱንም ለኪ። ልኩ የሚታወቀው ጎማው ሲቀዘቅዝ ነው፤ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ከቆመች በኋላ። ነድተሽ ወዲያው ከለካሽ ሙቀቱ 4 ያህል ጨምሮ ያሳይሻል። 32 ሲባል ፒኤስአይ በሚባል የግፊት መስፈሪያ ነው። መለኪያሽ በባር ከሆነ 2.2 ትፈልጊያለሽ። እያንዳንዱን ወረቀት ላይ ጻፊና እዚህ አምጪልኝ። አንዱ ከሌሎቹ ለብቻው ዝቅ ካለ እሱ ቀዳዳ አለው።

የፊዚክስ መምህር፣ ቀበሌ 18 | ጥር 6፣ ከምሽቱ 4:50

ጋሼ ዋናውን ተናግረውታል። እኔ «ለምን አምባ ጊዮርጊስ ላይ ጠፋች?» የሚለውን ብቻ ልጨምር። ተማሪዎቼም ይህን ይጠይቁኛል።

አየር ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይቀንሳል። በጎማ ላይ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ልዩነት 2 ፒኤስአይ ገደማ ነው። ከሰዓት በጎንደር ፀሐይ የሞላሽው ጎማ ደባርቅ ንጋት ላይ ሌላ ጎማ ነው። መንዳት ስትጀምሪ ደግሞ ጎማው ይሞቃል፣ ግፊቱም ይመለሳል። 23 የነበረው አምባ ጊዮርጊስ ሲደርስ 26 ወይም 27 ይሆናል። መኪናዋ «አለፈ» ብላ መብራቱን አጠፋች። አየሩ ግን አልጨመረም። ጠዋት የምትበራና ስትነጂ የምትጠፋ መብራት ማለት ጎማው ወሰኑ ላይ ቆሟል ማለት ነው። ብርድ ብቻ ከሆነ አራቱም ተመሳሳይ ይወርዳሉ። ጋሼ አራቱንም ጻፊ ያሉሽ ለዚህ ነው።

አንድ ሌላ ነገር። ከፍታውም ይገባበታል፣ ግን በተቃራኒው። መለኪያው የሚያሳየው የውስጡን ግፊት ከውጭው አየር ጋር አነጻጽሮ ነው። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደባርቅ ከ2,800 ይበልጣል። ወደ ላይ ስትወጪ የውጭው አየር ስለሚሳሳ መለኪያው 1 ፒኤስአይ ያህል ከፍ ይላል። ስለዚህ ጎንደር ጠዋት በብርድ ልኩን ከሞላሽው ደባርቅ ንጋት ላይ ስትለኪው ብዙ ለውጥ አታዪም። ብርዱ ይወስዳል፣ ከፍታው ይመልሳል። ብዙ ከወረደ ግን ሌላ ሰበብ ፈልጊ።

ኮረኮንች ላይ የኖርኩ | ጥር 7፣ ጠዋት 1:05

እኔ በዚህ አልስማማም። ጎማው ጎን ላይ 44 ወይም 51 ተጽፎ ታያላችሁ። አምራቹ የጻፈው እሱ ነው። እኔ ሁሌም 44 ነው የማስሞላው። ጠንካራ ጎማ ድንጋይ ይችላል፣ ነዳጅም ይቆጥባል። መብራቷም አታስቸግርም።

የደባርቅ መስመር ሾፌር | ጥር 7፣ ጠዋት 1:30

ወንድሜ፣ ጎማው ላይ ያለው ቁጥር ጣሪያው ነው። ጎማው በጭራሽ ከዚህ እንዳይበልጥ የሚል ነው። ያንኑ ጎማ የሚገጥሙ ብዙ ዓይነት መኪኖች አሉ፤ አንዱ ቀላል፣ አንዱ ከባድ። የጎማው ፋብሪካ የእርስዎን መኪና አያውቃትም። የሚያውቃት በሩ ላይ ያለው ወረቀት ነው።

ከልክ በላይ የተነፋ ጎማ መንገዱን የሚይዘው በመሀሉ ብቻ ነው። ካፊያ ሲጥል ፍሬን ሲይዙ ይንሸራተታል። መሀሉም ቶሎ ያልቃል። ጎማዎን ያዩት እንደሆነ መሀሉ ከዳርና ዳሩ ቀድሞ ተልጦ ይሆናል። ሹል ድንጋይም የወጠረውን ጎማ ነው ቶሎ የሚቆርጠው። ነዳጅ ይቆጥባል ያሉት እውነት ነው፤ ግን 32ን በሥርዓት መያዝም ይቆጥባል።

ኮረኮንች ላይ የኖርኩ | ጥር 7፣ ጠዋት 1:50

ወጥቼ አየሁት። ከፊት ያሉት ሁለቱ መሀላቸው ለስልሷል። ዳሩ ገና አዲስ ነው። ወደ ልኩ አወርደዋለሁ። አመሰግናለሁ ጋሼ።

የማራኪዋ | ጥር 7፣ ጠዋት 1:20

ጋሼ፣ መለኪያውን አላገኘሁትም ነበር። ጎረቤቴ የባጃጅ ሾፌር ነው፤ በ12 ሰዓት ከመውጣቱ በፊት አንኳኩቼ ተዋስኩት። ጽፌዋለሁ።

ፊት ቀኝ 29። ፊት ግራ 29። ኋላ ቀኝ 28። ኋላ ግራ 21።

ኋላ ግራውን ሦስት ጊዜ ለካሁት። ሦስቱም ጊዜ 21 ነው። የበሩ ወረቀት 32 ይላል፤ ለፊትም ለኋላም። የሚገርመው አሁንም ቆሜ ሳየው ከሌሎቹ አይለይብኝም። መብራቷም አልበራችም። እርስዎ እንዳሉት ነው።

ወደ ሥራ ልሂድባት?

የደባርቅ መስመር ሾፌር | ጥር 7፣ ጠዋት 1:35

ጎበዝ። የሦስቱ ግልጽ ነው። ጎማ ደህና ሆኖም በወር 1 ያህል ይተነፍሳል። ሦስት ወር ሳትሞዪ ከርመሻል። ያ በሽታ አይደለም። ኋላ ግራው ግን ቀዳዳ አለው።

ሥራ በባጃጅ ሂጂ። ከሰዓት ከግቢሽ እስከ ቅርብ ጎሚስታ ድረስ ቀስ ብለሽ ውሰጃት፤ ከ40 አትለፊ። የጎረቤትሽ ልጅ የሚሰካ ትንሽ የአየር መሙያ ኮምፕሬሰር ካለው ከመነሳትሽ በፊት ሞልተሽ ሂጂ። ብዙ የባጃጅ ልጆች ይይዛሉ።

ስትደርሺ ጎሚስታው በዓይን እንዳይፈርድ። ሳሙና ውሃ ላይ በጥብጦ ጎማውን ሁሉ ይቀባው። ቫልቩንም። ቸርኬውና ጎማው የሚገጥሙበትን ዙሪያም።

ጎሚስታ ነኝ፣ አዘዞ መንገድ | ጥር 7፣ ቀን 6:10

እህቴ፣ ሥራ ላይ ነኝ፤ አጠር ላድርግ። ሚስማር ወይም ብሎን ካገኘሽ አትንቀዪው። እሱ ነው ቀዳዳውን የደፈነልሽ። ከነቀልሽው መንገድ ላይ ትቀሪያለሽ። እንደተሰካ አምጪው።

ቀዳዳው የት ነው የሚለው ወሳኝ ነው። መንገድ በሚነካው ክፍል ላይ ከሆነ ይጠገናል። ጎኑ ላይ ወይም ትከሻው (ጎኑና መንገድ የሚነካው ክፍል የሚገናኙበት ዳር) ላይ ከሆነ ማንም «እጠግነዋለሁ» ቢልሽ እሺ አትበዪ። ጎኑ ሁሌም ስለሚታጠፍ የተለጠፈው አይጸናም። ጎማውን መቀየር ነው።

ሁለት ዓይነት ጥገና አለ። አንደኛው ከውጭ በሙጫ የተነከረ ክር መሰካት ነው፤ አምስት ደቂቃ። ጎማው አይወልቅም። ለከተማ ሊያቆይሽ ይችላል። ሁለተኛው ጎማውን ከቸርኬው አውልቆ ከውስጥ መለጠፍ ነው። ሰዓት ይፈጃል፣ ዋጋውም ይጨምራል። ግን ጎማው ሲወልቅ ውስጡ ይታያል። በአነስተኛ አየር ብዙ የተነዳ ጎማ ውስጡ የጎማ ዱቄት ይኖረዋል፣ ጎኑ ላይም ዙሪያውን የዞረ መስመር ታያለሽ። ያንን ካየሽ ቀዳዳው ቢጠገንም ጎማው አልቋል። ደባርቅ የምትወጪ ከሆነ ከውስጥ ይለጠፍልሽ በዪ። እና «ውስጡን አሳየኝ» በዪ።

ሌላ፦ የአንቺ ጎማ ውስጥ ቫልቩ ሥር ሴንሰር አለ። ጎማው ሲወልቅ በብረቱ እንዳይሰበር ቀድመሽ ንገሪው። እኛ ጋ አንዳንዴ ሳናውቅ ይሰበራል።

ትልቅ ቶዮታ ያለኝ | ጥር 7፣ ከምሽቱ 1:00

ከርዕሱ ብዙ ሳልወጣ፤ የእኔ ፎርራነር ናት። አራቱንም በ32 ሞልቼ መብራቷ አልጠፋ አለች። ሁለት ሳምንት አሠቃየችኝ። በመጨረሻ ከሥር ያለውን ስኮርታ (ተጠባባቂውን ጎማ) ስለካው 15 ሆኖ ተገኘ። ስኮርታውም ላይ ሴንሰር አለ ለካ። ሞላሁት፣ ጠፋች። ትልልቅ ቶዮታ ያላችሁ ስኮርታውን አትርሱ።

መብራቷ በርታ ዝም ብላ ከቆመች አየር ነው። መኪናውን ስታስነሱ አንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ብልጭ ብላ ከዚያ በርታ ከቀረች ግን የሴንሰር ችግር ነው። የሴንሰር ባትሪ ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ነው የሚቆየው፤ የቆየ መኪና ያላችሁ ይህን ታገኛላችሁ። ያኔም ቢሆን ጎማውን በእጅ መለካት ነው።

የማራኪዋ | ጥር 7፣ ከምሽቱ 3:10

ብሎን ነው!

ጎሚስታው ሳሙናውን በቆሻሻ ብሩሽ ቀባው። መጀመሪያ ምንም የለም። ቫልቩ ደህና ነው። መኪናዋን ትንሽ ገፋ አድርገን ከታች የነበረውን ወደ ላይ አመጣነው። ከሁለቱ የጎማ ጥርሶች መሀል አንዲት ትንሽ የአረፋ ጉልላት ብቅ አለች። ፈነዳች። ቦታዋ ላይ ሌላ ወጣች። ጭቃውን በጥፍሬ ስፍቀው የብሎን ራስ ነው። አስፋልቱ ፈግፍጎት እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራል። ስንት ጊዜ እንደነዳሁበት ነው የሚያሳየው። የመስቀሉ ቅርጽ እንኳን ጠፍቷል።

ጎማው ሲወልቅ «ውስጡን አሳየኝ» አልኩት። በስልክ መብራት አየነው። ዱቄት የለም፣ መስመርም የለም። እግዚአብሔር ይመስገን። ከውስጥ ለጠፈው። ሴንሰሯንም አሳየኝ፤ የክብሪት ሣጥን የምታክል ጥቁር ነገር ናት። በጥንቃቄ ነው የሠራው።

አራቱንም 35 አድርጎ ሞላልኝ፤ ጎማው ሞቋል ብሎ። ነገ ጠዋት ሲቀዘቅዝ ለክቼ ወደ 32 አወርደዋለሁ። ከዚያ ቁልፏን ልጫናት?

የደባርቅ መስመር ሾፌር | ጥር 7፣ ከምሽቱ 3:40

መጫን ትችያለሽ፤ ግን ነገ ጠዋት አራቱንም 32 ካደረግሽ በኋላ። ቁልፏ በአንዳንዱ ከመሪው በታች፣ በአንዳንዱ የዳሽቦርዱ ሣጥን ውስጥ ናት። መኪናዋ ቆማ፣ የማስነሻውን ቁልፍ አብርተሽ፣ መብራቷ ሦስት ጊዜ ቀስ ብላ ብልጭ እስክትል ተጭነሽ ያዢ።

አርብ ጠዋት ደግመሽ ለኪ። የተለጠፈው ከሐሙስ ወደ አርብ አንድም ካልወረደ ይዟል። ሁለት ከወረደ ወደ ጎሚስታው መልሰሽ ውሰጂው፤ አትውጪበት።

መንገድ ላይ ከበራችብሽም እንዳትደነግጪ። ፍሬን በድንገት አትርገጪ። መሪውን በሁለት እጅሽ ያዢ፣ ነዳጁን ልቀቂ፣ በራሷ ትቀንስ። ወደ አንድ ጎን ከሳበችሽ ወይም ከተንቀጠቀጠች እዚያው ደህና ቦታ ላይ አቁሚ። መታጠፊያ ላይ አይሁን፤ ከኋላ የሚመጣው አያይሽም። ደህና ከሄደች ቀስ ብለሽ እስከሚቀጥለው ከተማ ሂጂ። አምባ ጊዮርጊስም ዳባትም ጎሚስታ አለ።

ስኮርታሽን አይተሻል?

የማራኪዋ | ጥር 10፣ ቀን 5:30

ገብተናል። እናቴ አሁን እግሯን ዘርግታ ቡና እየጠጣች ነው። ነጭ ልብሷን አስተኩሳለች።

አርብ ጠዋት ኋላ ግራው 32 ነበር። ምንም አልወረደም። ከሰዓት ወጣሁ። ዛሬ ንጋት ደባርቅ ላይ ሳላስነሳ አራቱንም ለካሁ። 32፣ 31፣ 32፣ 32። መምህር፣ ልክ እንዳሉት ነው። ጎረቤታችን ዛሬም ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡ። በእግራቸው ሊመቱልኝ ሲሉ መለኪያውን ሰጠኋቸው። ቁጥሩን ሲያዩ «ይህቺ ከየት ነው የምትገዛ?» አሉኝ። ለልጃቸው ሚኒባስ ፈልገው ነው። ለጥምቀት ማግስት ልገዛላቸው ቃል ገብቻለሁ።

ቁልቁለቱን ቀስ ብዬ ወረድኩ። መብራቷ አልበራችም።

ጋሼ፣ ስኮርታውን ዛሬ ነው ያየሁት፤ የእናቴን ዕቃ ስናወርድ። ቀጭኗ ዓይነት ናት። 18 ብቻ አላት። ጎኗ ላይ ግን 60 ተጽፏል። ጎሚስታ ጋ ደወልኩ፤ «60 አይሞላም፣ ይፈነዳል» አለኝ። ይህኛውም ጣሪያ ነው ማለት ነው? 32 ላድርጋት?

የደባርቅ መስመር ሾፌር | ጥር 10፣ ቀን 6:05

እንኳን ደህና ገባችሁ። እናትሽን ሰላም በይልኝ።

አይ፣ ቀጭኗ ስኮርታ ልዩ ናት። ትንሽ ስለሆነች መኪናዋን የምትሸከመው በግፊት ነው። የእሷ ልክ 60 ነው። በሩ ላይ ያለው ወረቀትም ለስኮርታው ለብቻው 60 ብሎ ይጽፋል፤ ለጎሚስታው እሱን አሳዪው። በ32 ከገጠምሽው ይተኛብሻል። የተገጠመ ቀን ደግሞ ከ80 አትለፊ፤ የተበላሸውን ጎማ እስክታስጠግኚ ብቻ ነው።

ዛሬ ተዪው። ከሰዓት መንገዱ ሁሉ ይዘጋል። ሰኞ ጠዋት አዘዞ ነይ፣ አብረን እናስሞላዋለን።